አማቴ ባሌን ሊመረምሩ የሄዱበት ታኅሣሥ

የባለቤቴ አባት መናገሻ ውስጥ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በማራቸውና በወሬያቸው። ማራቸውን ሁሉም ሰው ያምነዋል። ወሬያቸውን ግን ጎረቤቱ እየሳቀ ይሰማና ሲወጣ፣ «ኦቦ ዛሬም ጨመሩባት» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ደጋግሜ የሰማሁት የባሌ ተራራውን ወሬ ነው። አባባ፣ እኔም እንደ ልጆቻቸው አባባ ነው የምላቸው፣ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። አንድ ጊዜ ከደሎ መና ቡና ጭነው ወደ ጎባ ሲመለሱ መኪናው ተራራው አናት ላይ ተበላሸና ከሾፌሩ ጋር እዚያው አደሩ። እሳቸው እንደሚሉት፣ እዚያ አገር ዛፍ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አንድም የለም። በዛፍ ፈንታ ጅብራ የሚባል ቁመተ ረጅም ተክል ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል። በጄሪካን የያዙት ውሃ ሲነጋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ በመኪናው ክሪክ ተሰባብሮ ነው የተጠጣው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ መጥቶ ከመኪናው ፊት እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሲያያቸው አረፈደ።

ይህን ሲያወሩ አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ቀና ብለው አያዩም። በእጃቸው የያዙትን ሥራ ይቀጥላሉ። ወሬው ሲያልቅ ብቻ፣ «በል ይበቃሃል» ይሏቸዋል። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ታሪክ ሰምተውታል፤ አንድም ቀን አምነውት አያውቁም።

ዓምና ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ከቡራዩ ልንጠይቃቸው ሄድን። ባለቤቴ ቡራዩ ውስጥ ትንሽ የብረት ሥራ ወርክሾፕ አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ያን ሰሞን አንድ ትልቅ ሕንፃ ጨርሶ አስረክቦ ስለነበር ወገቡን ማሳረፍ አምሮታል። ለእናቱም ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ወስዶ ሊያዝናናቸው እንዳሰበ ነገራቸው።

አማቴ ትንሽ አሰቡና፣ «ባሌ ውሰዱኝ» አሉ።

አማቴ ለንግሥ ካልሆነ በቀር ከመናገሻ ብዙም ርቀው የማያውቁ ሴት ናቸው። ባለቤቴ ባሌ ምን ሊያዩ እንደሚሄዱ ጠየቃቸው።

«ይሄ ሰውዬ የሚያወራው እውነት ይሁን ውሸት ሳላውቅ መሞት አልፈልግም» አሉ።

አባባ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ላሞቹን ጥለው የትም እንደማይሄዱ፣ እኛ ግን ሄደን በዓይናችን አይተን እንድንመጣ፣ ያን ጊዜ ማን ውሸታም እንደሆነ እንደሚታወቅ ነገሩን።

ወር መምረጡ የእኔ ሥራ ሆነ። የምሠራው ሰበታ፣ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው። እዚያ አንዲት ባልደረባዬ የባሌን ተራሮች ደጋግማ ያየች ናትና ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቅኋት። ክረምቱ ለምለም ቢሆንም ጉሙ ዓይን እንደሚጋርድ፣ መንገዱም ጭቃ እንደሚሆን ነገረችኝ። መስከረምና ጥቅምት ሜዳው አበባ ነው፤ ብርዱም ለሰው ያዝናል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ የቀበሮ ግልገሎችም ከጉድጓዳቸው መውጣት የሚጀምሩት ያኔ ነው፤ ሌሊቱ ግን አይጣል ነው አለችኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ስለ ውርጭ ሰው ሲያስተምረኝ ደስ አይለኝም። ቢሆንም ለአማቴ ስል ጥቅምት ሳያልቅ ብንሄድ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

አማቴ አልተስማሙም።

«እሱ የሄደው መቼ ነው?» አሉኝ። «የምንሄደው በዚያው ወር ነው። በሌላ ወር ከሄድን ‹እኔ ስሄድ እንዲህ አልነበረም› ብሎ ያመልጠኛል።»

ችግሩ፣ አባባ ወሩን አያስታውሱትም። በጋ እንደነበር ብቻ ነው የሚያውቁት። በሚቀጥለው እሑድ አማቴ ከፊታቸው አስቀምጠዋቸው መጠየቅ ጀመሩ። ዝናብ ነበር ወይ? አልነበረም፤ አቧራው ነው የፈጀን አሉ አባባ። በመንገዱ ዳር ያለው እህል ቆሞ ነበር ወይስ ታጭዶ? ግማሹ ታጭዶ፣ ግማሹ ቆሞ። የጫናችሁት ቡና እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ? ከነገለባው የደረቀ። መኪናው የቆመ ቀን ምን በላችሁ? በሶ። በምን የተለወሰ? በውሃ።

«ለምን በቅቤ አልሆነም?» ሲሏቸው አባባ ቆም አሉ።

«ጾም ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ እሳቸውም ገና አሁን የደረሱበት ይመስል።

የትኛው ጾም እንደሆነ ያስታወሱት ደግሞ አማቴ ራሳቸው ናቸው። ባላቸው ከዚያ መንገድ ሲመለሱ አንድ ቁና ቡና ይዘው መጥተው ነበር፤ ያን ቡና ለገና በዓል ለጎረቤት ሁሉ አከፋፍለውታል። እንግዲያው የነቢያት ጾም ነው፤ ወሩም ታኅሣሥ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አባቱ ፖሊስ ጣቢያ ቢገቡ እንኳ እንዲህ ተደርገው እንደማይመረመሩ ነገረኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከአማቴ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው ምስር ሲለቅሙ፣ እያንዳንዷን ቃል ሲያስቀምጡ ኖረዋል ማለት ነው።

እኔ የፈራሁት ነገር ደረሰ። ታኅሣሥ ከወራቱ ሁሉ ብርዱ የሚጠናበት ነው፤ በዚያ ላይ ቅቤና ሥጋ የሌለበት። ዕድሜያቸውን፣ የደም ግፊታቸውን እያነሳሁ ከገና በኋላ ብንሄድ ምን ይለናል አልኳቸው። «እሱስ ጾሞ አልነበር?» አሉኝ፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ሐኪም ዘንድ ግን ወሰድኳቸው። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መሄድ እንደሚችሉ፣ ሆኖም በአንድ ቀን ወደ አናቱ መውጣት እንደሌለብን፣ መንገድ ላይ እያደርን፣ ውሃ እየጠጣን ቀስ ብለን እንድንወጣ፣ ራስ ምታት ከጠና ደግሞ ወዲያው እንድንወርድ መከረን። አማቴ ከፍታ ራስን ለምን እንደሚያሳምም ጠየቁት። አየሩ እንደሚሳሳ አስረዳቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ ታዲያ ቀበሮው እዚያ እየኖረ እንዴት ይተነፍሳል አሉት። ሐኪሙ ሳቀና እሱን እሳቸው አይተው ሲመጡ እንዲነግሩት ጠየቃቸው።

ልብስ መሰብሰብ የጀመርኩት ከሰበታ ነው። ከሥራ ስወጣ የሰልባጅ ተራው መንገዴ ላይ ነው፤ እየቆምኩ ክምሩን እገላብጣለሁ። የሱፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ አንገት ድረስ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ከሥር የሚለበስ ወፍራም ታይት አገኘሁ። ለአማቴ ደግሞ ውስጡ ላባ የታጨቀ ብርቱካንማ ጃኬት ገዛሁላቸው። መናገሻ ወስጄ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ከዚያ እፍኝ አድርገው ጨመቁት፤ ሲለቁት ተመልሶ ተነፋ።

«ከጋቢ ይቀላል እኮ» አሉ። «ቀላል ነገር እንዴት ሆኖ ነው የሚያሞቀው?»

ቢሆንም ተቀበሉኝ። ታይቱን ግን ከነጭራሹ አልተቀበሉም። ሱሪ ለብሰው እንደማያውቁ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው እንደማይጀምሩ ነገሩኝ። እኔም እሳቸውም ስለ ብርድ የየራሳችን ዕውቀት ነበረን። እሳቸው በወጨጫ ተራራ ሥር ኖረዋል፤ ውርጭ ባቄላ ሲያቃጥል አይተዋል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት እምቢ ሲል አድጌያለሁ። አንዳችን ሌላችንን አንሰማም። ባለቤቴ ሁለታችንንም ሲሰማ ቆይቶ ልብሱን ከመሄዳችን በፊት እንሞክረው አለ። የት? ሱሉልታ።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ በባለቤቴ ፒካፕ እንጦጦን ተሻግረን ወረድን። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። አማቴ ጃኬቱን በቀሚሳቸው ላይ ለብሰዋል፤ እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ ስኒከሬን አጥብቄ አስሬያለሁ። ከመኪናው ወርደን ሣሩ ላይ ዝም ብለን ቆምን። የመኪና መንገዱን ይዘው ሯጮች ያልፋሉ፤ አፋቸው ጭስ የሚተፋ ይመስላል። የሚያዩን ሁሉ ግራ ይጋባሉ፤ ሦስት ሰው፣ አንዷ አሮጊት በብርቱካንማ ጃኬት፣ ሜዳ መሀል ምንም ሳይሠሩ ቆመዋል።

አንዲት ሯጭ ልምምዷን ጨርሳ ስትመለስ ቆም ብላ የጠፋብን ነገር እንዳለ ጠየቀችን። አማቴ ብርድ እየለካን ነው አሏት። ሳቀች፣ ግን ሳትሄድ ቀረች። እግሬን እያየች ቀዝቅዞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጣቶቼ መኖራቸው ከጠፋኝ ቆይቷል፤ ግን ደብረ ብርሃን ተወልጄ ይህን ለመናገር አፈርኩ። ካልሲ ደርቦ ጫማው ከጠበበ እግር ይበልጥ እንደሚበርድ፣ አንድ ወፍራም ካልሲ በሰፊ ጫማ እንደሚሻል ነገረችን። ላብም ጠላት ነው አለች፤ እነሱ ሲሮጡ እያወለቁ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት፣ ሲቆሙ ደግሞ ወዲያው የሚደርቡት ለዚህ ነው። አማቴ የምታወልቀውና የምትደርበው ልብስ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ከሥር እንደሚሆን አንድ በአንድ ጠየቋት፤ የእጅጌዋን ጨርቅ ሳይቀር ዳሰሱ።

ስንመለስ አማቴ መኪናው ውስጥ ቀሚሳቸውን እግራቸው ላይ ሲጠቀልሉ ቆዩ። ሱሉልታ ከተማን ስናልፍ፣ «ያ ሱሪ አሁንም አለሽ?» አሉኝ።

አለኝ አልኳቸው።

«የብርዱን መግቢያ አገኘሁት። ከታች ነው የሚገባው። ቀሚስ ለብርድ በር ነው።»

ከዚያ በኋላ ጭነታችን ቶሎ ተሰናዳ። ለእኔ ሰፊ ጫማ ተገኘ። አማቴ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተጠበሰ ሽምብራ አዘጋጁ። አባባ ደግሞ ዝንጅብል ወቅጠው በላስቲክ ቋጠሩልን፤ ፔርሙሱ ባዶውን እንዳይውል፣ ቫዝሊን ከንፈር ላይ ማታ ማታ እንዲቀባ፣ ፀሐዩ ከብርዱ ጋር ተማክሮ ፊት እንደሚልጥ እያሉ ከመኪናው አጠገብ አልጠፉም። ጋቢያቸውንም አውጥተው ሰጡ። አማቴ ቦታ ይይዛል ብለው መለሱላቸው።

የሄድነው በአሰላ በኩል ነው፤ እዚያ አድረን በማግሥቱ ቀጠልን። የአርሲ ስንዴ ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ ላይ ኮምባይነር አቧራ እያስነሳ ይዞራል። አማቴ በመስኮቱ ሲያዩ ቆይተው፣ «እህሉ ልክ ነው» አሉ። ምርመራው መጀመሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ዲንሾ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የደጋ አጋዘኖቹ ከጥዱ ሥር ሣር ይግጣሉ፤ ቀና ብለው አይተውን ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። እዚያ ያገኘነው አስጎብኚ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ጎልማሳ ነው። አማቴ በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት ፊቱ በራ፤ ከዚያ ወዲያ እኔና ባለቤቴ ለሱ ሻንጣ ሆንን። ወሬው ሁሉ ከሳቸው ጋር ነው። የእሱ አነጋገር ከእኛ አካባቢው ከሜጫ ኦሮምኛ ትንሽ ይለያል፤ አማቴ ያልሰሙትን ቃል እየያዙ ያስደግሙታል፣ የኛ አገሩን ቃል ደግሞ ይነግሩታል።

ከመተኛታቸው በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ከበሩ ውጪ አስቀመጡ። ጠዋት ስነሣ ብርጭቆውን ፀሐይ ላይ ከፍ አድርገው ሲያዩት አገኘኋቸው። ላዩ ላይ ስስ የበረዶ ሽፋን ነበር። በጣታቸው ነኩት፤ ተሰበረ።

«ረግቷል» አልኳቸው።

«ረግቷል እንጂ አልጠጠረም» አሉና ውሃውን ደፉት።

ያን ዕለት ከአስጎብኚው ጋር ወደ ጎባ ሄደን፣ እዚያ አድረን በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ተነሣን። የያዝነውን ሁሉ ለብሰን ጨርሰን ፒካፑ ውስጥ ስንገባ መተጣጠፍ አቅቶናል። መንገዱ ሽቅብ ነው። መጀመሪያ ረጃጅሙ ጥድና ኮሶ፤ አማቴ እነዚህን ከሱባ ደን ያውቋቸዋል፤ በስማቸው እየጠሩ አሳለፏቸው። ከዚያ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ መጣ፣ ሽበት የመሰለ ጺም ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሎበት። አስታውም እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። አማቴ ባለቤቴን አቁም አሉት።

ወርደው ከመንገዱ ዳር አንዲት ጎባጣ አስታ ጋ ሄዱ፤ ቁመቷ ከሳቸው አይበልጥም። ግንዷን በጓንታቸው ያዙ።

«የመጨረሻዋ ይቺ ናት?» አሉት አስጎብኚውን።

እሱም ከላይ በኩል ጠቆመ፤ ሌላ አለች። መኪናው ውስጥ ገብተን እሷ ጋ ደረስን። ከሷ በላይ ደግሞ ከድንጋይ ሥር የተደበቀች ጉልበት የምታክል ነበረች። ከሷም በላይ ዛፍ ትባል ቁጥቋጦ ያልተስማማንባት። ባለቤቴ ዛፍ አይደለችም አለ፤ አስጎብኚው ናት አለ። አማቴ ለማንኛቸውም አልፈረዱም። ነፋሱ ፊታችንን እየቆረጠው እዚያ ቆመው ወደ ታች፣ ወደመጣንበት ጨለማ ደን፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ራቁቱ ሜዳ ብዙ ጊዜ አዩ። እኔም አብሬ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ተራራ ሳይ ዛፍ ለምን እዚህ ቆመ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከተራራው አናት፣ ሳነቴ ከሚባለው ሜዳ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ብቅ ብላለች። ጅብራዎቹ ተራርቀው ቆመዋል፤ አባባ እንዳሉት ሰው ይመስላሉ፣ እርስ በርሱ የተኳረፈ ሰው። የመንገዱ ዳር ኩሬዎች በረዶ ለብሰዋል። አማቴ ወርደው አንዱን በእግራቸው ረገጡት፤ አልተሰበረም። በተረከዛቸው መቱት፤ ተሰነጠቀ። ጎንበስ ብለው አንድ ስባሪ አወጡና ውፍረቱን በጣታቸው ለኩ። ከዚያ አስጎብኚውን በጄሪካን ያለ ውሃ እስከ ውስጡ ድረስ ሊጠጥር ይችል እንደሆነ ጠየቁት። አዎ ይጠጥራል አለ።

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

ሰውየው አሰበና፣ መስማቱን አመነ። አማቴ ስባሪውን ጣሉት።

ቀበሮውን ያየነው ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ነው። አስጎብኚው ባለቤቴን በእጁ አስቆመው፤ ሞተሩ ጠፋ። ከመንገዱ በስተቀኝ፣ በደረቀው ሣር መሀል፣ ቀይ ነገር ቀስ እያለ ይራመዳል። እግሩ ረጅም ነው፤ አፉ ቀጭን። አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል፤ ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል። ከዚያ በድንገት ዘለለና በሁለት እግሩ መቆፈር ጀመረ፤ አፈሩ ወደ ኋላ ይረጫል። አስጎብኚው በሹክሹክታ ፍልፈል እያደነ መሆኑን ነገረን። ፍልፈሉ አመለጠው መሰለኝ፣ ቀበሮው ራሱን አራግፎ በፊታችን አልፎ መንገዱን ተሻገረ። አላየንም ማለት አይቻልም፤ አይቶናል፤ ግን እኛ ለእሱ እንደ ድንጋዩ ነን።

አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። ሲርቅ ስሙን በኦሮምኛ ጠየቁ። «ጄዳላ ፈርዳ» አላቸው አስጎብኚው።

«የፈረስ ቀበሮ? ፈረስ ምን አገናኘው?»

ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደሰማው፣ ቀበሮው ልትወልድ የደረሰች ባዝራን ከሩቅ ይከተላል፤ እንግዴ ልጁን ለመብላት። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከብት ያዋለደ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ውሻም ላም ስትወልድ እንዲሁ እንደሚያደርግ ነገሩት። ከዚያ እኔን ዘወር ብለው አይተው በአማርኛ ሁሉንም ደገሙልኝ፤ ኦሮምኛ እንደምሰማ ረስተው። አስር ዓመት ቡራዩ ኖሬ ያን ያህል ይገባኝ ነበር፤ ግን በሳቸው አፍ ድጋሚ መስማቱን ስለወደድኩት ዝም አልኩ።

የባለቤቴ ራስ መምታት ሲጀምር የሐኪሙን ምክር አስታውሰን ወረድን። እኔም እግሬ ሞቆኝ ነበር የወረድኩት፤ ሯጯን በልቤ አመሰገንኳት።

ከሰዓት በኋላ ጎባ፣ ያረፍንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን አማቴ ለአባባ ስልክ አስደወሉኝ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ድምፁን በስፒከር አስለቀቁኝና ስልኩን ከፊታቸው ያዙት።

«ዛፉ እውነትህን ነው» አሉ። «ያበቃል። ግን አንተ እንዳልከው ቀጥ አይልም። እያመነታ ነው የሚያበቃው።»

«እሺ። ውሃውስ?»

«በረዶ አይቻለሁ። ጄሪካኑን ግን አላየሁም።»

«ቀበሮውስ?»

«አየሁት። ግን አልተቀመጠም። ከቁም ነገርም አልቆጠረን።»

ከዚያ አባባ፣ «ምን ይመስላል?» አሉ።

አማቴ ስልኩን አፍጥጠው አዩት። «ምን ማለትህ ነው? አላየኸውም እንዴ?»

«ሾፌሩ ነው ያየው» አሉ አባባ። «እኔ ከጭነቱ ሸራ ሥር ነበርኩ። ብርዱ አላስወጣኝም። ውሃውን ግን በእጄ ነው የሰበርኩት፤ በገዛ እጄ።»

ባለቤቴ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። እኔ አማቴን ነበር የማየው። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ጊዜ መጥቷል፤ ያላመኑትን ሰውዬ በገዛ አፉ ይዘውታል። ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውየው ያላየው ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በእጄ ሰበርኩ የሚለው ግን ማስረጃ አጣ። ይበረቱባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጭራው ከሥሩ ነጭ ነው» ማለት ጀመሩ አማቴ። «ወደ ጫፉ ሲሄድ ጥቁር ነው፤ ወፍራም። ጉሮሮው ሥርም ነጭ አለው። አንተ ቀይ ብቻ ነበር የምትለው። ሲራመድ መሬቱን እንዳይቀሰቅስ ነው፤ እግሩን እንዲህ ነው የሚያነሣው...» በሚያወሩበት ጊዜ ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ይራመድ ነበር፤ ለማይታይ ሰው። አባባ አንድም ጊዜ አላቋረጧቸውም።

መናገሻ ስንመለስ አባባ በር ላይ ጠበቁን። አማቴ ከመኪናው በጃኬቱና በሱሪው ሲወርዱ አዩዋቸው፤ ጃኬቱን ጫን አድርገው እንደገና ሲነፋ ተመለከቱ። እራት በልተን ከተቀመጥን በኋላ ጠያቂነቱ ወደ አባባ ዞረ። ቀበሮው ብቻውን ነበር ወይስ ከጓደኛው ጋር? ድምፅ አለው? ፍልፈሉ ምን ያህላል? በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ሣሩ መሀል ከአንዲት ቀይ ነጥብ በቀር ምንም አይታይም፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ነጥቧን ሲያዩዋት ቆዩ።

ከዚያ፣ «ሌሊት የት ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቁ።

አማቴ ያንን አልጠየቁም ነበር። ጉድጓዱ ለግልገሎቹ እንደሆነ አስጎብኚው ነግሮናል፤ ትልልቆቹ በዚያ ብርድ የት እንደሚያድሩ ግን ማንኛችንም አላወቅንም። በራሳቸው መናደዳቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ለአስጎብኚው እንድደውልለት አዘዙኝና ስልኩን ተቀብለው ከሰላምታው ቀጥታ ወደ ጥያቄው ገቡ። ሲሰሙ «እ... እ...» ብቻ ይላሉ። ሲጨርሱ አመስግነው መርቀው ስልኩን መለሱልኝ።

«ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው» አሉ። «ቤት የለውም። ተጠቅልሎ ይተኛና ጭራውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ይኸው ነው።»

አባባ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። «እኛ እንኳ ሸራ ነበረን» አሉ።